ሐረጎ፣ ደረጃ አንድ

ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ጦሳ አልታየም ገና፤
ጉም ወርዶ ተኝቷል በፒያሳ ጎዳና።
ሰባት ልጆች አሉኝ፣ ኮምፒውተሩ ሦስት፤
አንዱ በጥፊ ነው የሚነቃው ራሱን ሲስት።

ፕሮግራሙ ሲከፈት አንዲት ድመት አለች፤
ብርቱካንማ ናት፤ «ምን ልሥራ?» ትላለች።
«ድመትማ ቤትም አለች» ብለው ሰረዟት፤
ባጃጅ ስለው አመጡና በቦታዋ ተኳት።
ኑርሁሴን ለባጃጁ ክንፍ ቀጠለለት፣
ሰኞ ገበያን በአየር እንዲያቋርጥበት።

ጦይባ ግን እንቢ አለች።
«እኔ አይሱዙ ነው የምሠራው፣ ከሐረጎ የሚወርድ፣
ጎማው ጭስ ጭስ የሚል፣ ፍሬኑ የሚነድ።»
ነገሩ ከቤት ነው። አባቷ ይመር፣ ሃያ ዓመት በዚያ መንገድ ኖሮ፣
ሲወርድ አጣና ይጭናል፣ ሲመለስ ቆርቆሮ።

ብሎክ ከብሎክ ጋር ታጋጥማለች፣ ምላሷን ነክሳ፣
አንዱን ስታስገባ ሌላውን አፍርሳ።
ከላይ ደሴ ናት፣ ብርድና ጉም፤ ከታች ኮምቦልቻ፤
በሰላም የደረሰ ያሸንፋል፤ ይኸው ነው ሕጉ ብቻ።
ዛፉ፣ አህያው፣ ጠርዙ ተሰደረ፤
መኪናው ግን ገደሉን ረግጦ አየር ላይ በረረ።
«ጋሼ! ገደሉ አይጥልም!» አለች፣ ደሟ ፈልቶ።
«ገደል አያውቅም» አልኳት፣ «ማሽን አይፈራም ከቶ።
ለሱ ቡናማ ቀለም ነው፤ ‹ቡናማን ከነካህ ውደቅ›
ብለሽ ካልነገርሽው፣ መውደቅን ከየት ይወቅ?»

ነገረችው።
አሁን ደግሞ አብዝቶ ወደቀ፤
አንዴ ሲነካ ሕይወቱ ከሦስት ወርዶ፣ ዜሮንም አልፎ ዘለቀ፣
ሲቀንስ፣ ሲቀንስ፣ ከዜሮ በታች መቶ አርባ።
ኑርሁሴን «ሞቶም ይነዳል!» ብሎ ሳቀ፣ ዓይኑ እስኪያነባ።

«አንድ ሰከንድ ጠብቅ» የምትል ብሎክ ልታስገባ ስትል፣ መብራት ሄደ።
ያላስቀመጠችው ሁሉ፣ ሐረጎ ከነኩርባው፣ ተናደ።
አላለቀሰችም። ከቦርሳዋ የአባቷን የጭነት ደረሰኝ አውጥታ
በጀርባው ሁሉን ጻፈችው፣ ወደ መስኮቱ ተጠግታ።

ደረሰኙ እንዴት ወደ ኪሱ እንደተመለሰ አላውቅም።
በሳምንቱ ይመር በሩ ላይ ቆመ፣ ወረቀቱን ዘርግቶ፤
«እዚህ ላይ ስሕተት አለ» አለኝ፣ በጥቁር ጥፍሩ መትቶ።
«‹ጉም ከሆነ ፍሬን ያዝ› ትላለች። ማን ነው ይህን ያስተማራት?
ፍሬን ይግላል፤ አራተኛው ኩርባ ላይ ይክዳል፤ ያኔ ማን ሊደርስላት?
ጉም ከሆነ፣ ማርሽ ሁለት። ቴፑን ዝጋ። መስኮት ክፈት።
ካልታየህ፣ ስማ። የሚመጣውን፣ ከመምጣቱ በፊት።»

መስማት በየትኛው ብሎክ ይጻፋል?
እኔ መመሪያ ሳገላብጥ ጦይባ ጀመረች መጻፍ፦
ጉም ከሆነ፣ ከመኪናው አስቀድሞ ጥሩምባው ይለፍ።

ይመር ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ አለ።
«እነዚህ ሦስት ቀያይ ምንድን ናቸው?»
«ሕይወቶችህ ናቸው አባ። አንዱ ቢጠፋ ሌላ አለ።»
ዝም አለ፤ ልቦቹን ደግሞ ቆጠረ፤ ደረሰኝ እንደሚያስተያይ ሰው።
«ሦስት» አለ። «ለሐረጎ ይኼ ብዙ ነው።»

ነዳ። አንደኛውን ኩርባ አለፈ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፤
አራተኛው ላይ አህያ ገባ። ቀስቱን ረሳው፤ በእግሩ ፈለገ ፍሬኑን፣
ወለሉን ረገጠ፤ ጠረጴዛው ዘለለ።
ልጆቹ ጮኹ። አንድ ልብ ጠፋ።
ከታች ረዳቱ፣ አጣናው ረፍዶበት፣ ክላክስ ነፋ።
«መጣሁ!» አለ ይመር፣ ከስክሪኑ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ።
ጉሙ ሳይታወቀን ተገልጧል፤ መስኮቱ ሙሉ ጦሳ።
ሁለት ልብ ቀርቶታል።